ደወሉ ሳጥን ውስጥ የቀረ ማዳመጫ፦ ለልብ በሮች ድምፅ የተገዛ ስቴቶስኮፕ ግምገማ

ይህን ማዳመጫ ያስገዛኝ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራትን አንዲት ታካሚ ልብ አዳምጬ «የተለየ ድምፅ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር። ከእኔ በኋላ የመረመሯት ነባር ሐኪም በግራ ጎኗ አስተኟት፤ የአሮጌ ማዳመጫቸውን ደወል፣ ማለትም ሽፋን የሌለውን ክፍት ገጽ፣ የልብ ምት በእጅ በሚዳሰስበት ቦታ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉና ጥቂት ካዳመጡ በኋላ የጆሮውን ጫፍ ለእኔ አቀበሉኝ። ከሩቅ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ የመሰለ፣ በጆሮ ከመስማት ይልቅ በእጅ መዳሰስ የሚቀለው የሚመስል ዝቅተኛ ድምፅ በሁለት ምቶች መካከል ነበረ። በግራው የልብ ክፍል ከላይኛው ወደ ታችኛው ደም የሚያልፍበት የሚትራል በር ጥበት ነበር፤ በኋላ የተነሣው ኤኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ይህንኑ አረጋገጠ። ጥፋቱ በዋናነት የጆሮዬና የችኮላዬ እንደነበረ አልክድም፤ ይሁን እንጂ በዚያን ቀን አንገቴ ላይ የነበረው ማዳመጫ ደወል አልነበረውም።

በምትኩ የገዛሁት ለልብ ሐኪሞች ተብለው ከሚሸጡት ማዳመጫዎች አንዱን ሲሆን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በየቀኑ ተጠቅሜበታለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ብዙ ናቸውና የምሰጠው አስተያየት ዓይነቱን የሚመለከት ነው። ደረት ላይ የሚያርፈው የማዳመጫው ራስ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በእጅ ሲይዙት ክብደቱ የሚታወቅ ነው። አንደኛው ገጹ ሰፊ ሲሆን ሌላው ለሕፃናትና ለቀጫጭን ደረቶች የታሰበ ጠባብ ገጽ ነው፤ ሁለቱም ዲያፍራም በሚባለው ስስ ፕላስቲክ ተሸፍነው ይመጣሉ። ጎማው ከውጭ ሲታይ አንድ ቢመስልም በውስጡ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መተላለፊያዎች አሉት። በሳጥኑ ውስጥ ትርፍ የጆሮ ጫፎችና አንዲት ጥቁር የጎማ ቀለበት ተጨምረዋል፤ ስለዚህች ቀለበት የምለው ብዙ ስለሆነ ለጊዜው ትቆየን።

አንድ ማዳመጫ ለልብ በሮች ይበጃል ወይም አይበጅም ለማለት ምን እንዲያሰማን እንደምንጠብቅ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ጤናማ የልብ በር ሲከፈት ድምፅ የለውም፤ የምንሰማው መዘጋቱን ነው። የመጀመሪያው ድምፅ የታችኞቹ የልብ ክፍሎች መኮማተር ሲጀምሩ ከላይኞቹ ክፍሎች የሚለዩአቸው የሚትራልና የትራይከስፒድ በሮች ሲዘጉ፣ ሁለተኛው ደግሞ መኮማተሩ ሲያበቃ ደም ከልብ የሚወጣባቸው የአኦርቲክና የፐልሞናሪ በሮች ሲዘጉ የሚፈጠር ነው። ድምፁን የሚያወጣው የበሮቹ ክንፎች እንደ እጅ መጨብጨባቸው ብቻ አይደለም፤ ሲሮጥ የነበረው ደም በድንገት ሲገታ በሮቹ፣ የልብ ግድግዳና ደሙ ራሱ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። በር ሲጠብብ ወይም በደንብ ሳይገጥም ሲቀር ግን የደሙ ፍሰት ይታወካል፤ ሐኪሞች መርመር የሚሉት ሹሹታ ወይም ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ድምፆች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የሚትራል ጥበት ጉርምርምታ፣ እንዲሁም ሦስተኛና አራተኛ የሚባሉት ተጨማሪ የልብ ድምፆች በጣም ወፍራምና ዝቅተኛ ናቸው። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ይሰማል ቢባልም በዚያ ዝቅታ አካባቢ ድምፁ በጣም ካልጎላ በቀር አይለየውም። በአንጻሩ ደም በአኦርቲክ በር በኩል ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሰማው ድምፅ ቀጭንና ከፍተኛ ስለሆነ በሰዎች ትንፋሽ መካከል በቀላሉ ይጠፋል። ሬኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ በታካሚ ደረት ላይ ካሳረፈበት ጊዜ አንሥቶ መሣሪያው ብዙ ተለውጧል፤ ለልብ በሮች ትልቁ ለውጥ ግን ክፍቱን ደወልና የተሸፈነውን ዲያፍራም በአንድ ራስ ላይ ማዋሐድ ይመስለኛል። ይህንንም የልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ስፕራግ እ.ኤ.አ. በ1926 ሠርቶ አሳይቷል። ደወሉ ዝቅተኛውን ድምፅ ያሳልፋል፤ ዲያፍራሙ ዝቅተኛውን አፍኖ ከፍተኛውን ያጠራል።

የአሁኑ ማዳመጫ ይህን የሥራ ክፍፍል ለአንድ ገጽ ሰጥቶታል። ዲያፍራሙ በጠርዙ ላይ ተንሳፍፎ የተያዘ ስለሆነ በለስላሳው ሲያሳርፉት እንደ ደወል ዝቅተኛውን፣ ጫን ሲሉት ደግሞ ተወጥሮ ከፍተኛውን ድምፅ ያሰማል ተብሎ ይታመናል። ራሱን ማገላበጥ አያስፈልግም ማለት ነው። ሐሳቡ ብልኅ ነው፤ በተግባር የተሳካው ግን በከፊል ነው።

ቀላሉን በፍጥነት ልለፍ። የአኦርቲክ በር ጥበት ሻካራ ድምፅ፣ በቀኝ በኩል በሁለተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ እያደገ ሄዶ እየቀነሰ የሚሰማውና ወደ አንገት የሚዘልቀው፣ በማንኛውም ደህና ማዳመጫ ይሰማል። ለዚህ ብሎ ውድ ዕቃ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። የሚትራል በር ማፍሰስም በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ሳይቋረጥ የሚነፋ ሆኖ ወደ ግራ ብብት ይሄዳል። እዚህ ላይ ማዳመጫ ሻጮች ድምፅን «ማጉላት» እንደ ዋና በጎነት ማቅረባቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ምክንያቱም የመርመር ጩኸትና የበሩ ጉዳት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የሌቪን መለኪያ መርመርን ከ1 እስከ 6 ሲመድብ የለካው ጉልህነትን ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው ንዝረቱ በእጅ ሲዳሰስ ነው፣ 6 ደግሞ ማዳመጫው ከደረት ጥቂት ተነሥቶም ሲሰማ ነው። ይሁንና የአኦርቲክ በሩ እጅግ ጠቦ ልቡ ሲደክም በበሩ የሚያልፈው ደም ስለሚያንስ መርመሩ ጸጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ የምፈልገው ጮክ የሚያደርግ ዕቃ ሳይሆን የሚለይ ዕቃ ነው።

በመለየት ረገድ ሰፊው ገጽ አላሳፈረኝም። የመጀመሪያ ፈተና ያደረግሁት የሁለተኛውን ድምፅ መከፈል ነው። ጤናማ ሰው ትንፋሽ ሲያስገባ ወደ ቀኝ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚበዛ የፐልሞናሪ በር ከአኦርቲኩ ትንሽ ዘግይቶ ይዘጋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ብቻ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ሁለቱ ተመልሰው ይዋሐዳሉ። ከደረት አጥንት በስተግራ በሁለተኛው ክፍተት ላይ ጫን አድርጌ ስይዘው፣ በቀድሞው ማዳመጫዬ «ትንሽ የደበዘዘ» የሚመስለኝ ሁለተኛ ድምፅ እዚህ ሁለት ሆኖ ተሰማኝ። ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ መከፈሉን አንድ ጊዜ በትክክል የሰማ ሰው፣ ከትንፋሽ ጋር የማይለዋወጥ መከፈል ሲያጋጥመው በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ፈተና የአኦርቲክ በር ማፍሰስ ነበር። ታካሚው ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ትንፋሹን አውጥቶ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ዲያፍራሙ ደግሞ ከደረት አጥንት በስተግራ በሦስተኛው ክፍተት ላይ ተጭኖ ይያዛል። የሚሰማው ከሁለተኛው ድምፅ ወዲያው ተነሥቶ እየቀነሰ የሚሄድ፣ በሹክሹክታ «ሃ» እንደ ማለት ያለ ቀጭን ድምፅ ነው። በዚህ ላይ ማዳመጫው ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል። የድምፁን መጀመሪያ ከሁለተኛው ድምፅ ጋር ሳያደበላልቅ አሰማኝ፤ ርዝመቱንም ለመከተል አላስቸገረኝም። ስለዚህ ለከፍተኛ ድምፆች ሰፊው ዲያፍራም ያለ ቅሬታ ያልፋል። የሚትራል በር ክንፍ ወደ ላይ ሲገለበጥ የሚሰማውን ቀጭን ጠቅታም እንዲሁ፤ ታካሚው ሲቆም ጠቅታው ወደ መጀመሪያው ድምፅ ሲጠጋ፣ ቁጢጥ ሲል ሲርቅ በግልጽ ተከታትያለሁ። ሰው ሠራሽ ሜካኒካል በር ያለበት ልብ ደግሞ ለማዳመጫ ፈተና አይሆንም፤ ጠቅታው አንዳንዴ ያለ ማዳመጫም ይሰማል። እዚያ የሚያስፈራው ጥርት ያለው ጠቅታ ሲደበዝዝ ነው፤ በሩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና።

አሁን ወደ ገዛሁበት ምክንያት፣ ወደ ሚትራል ጥበት እመለሳለሁ። ይህ ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ በሚነሣ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ የበሩ ክንፎች ከዓመታት በኋላ ይጠነክራሉ፣ ጠርዛቸውም ይጣበቃል። በሩ ሲከፈት መክፈቻ ጠቅታ ይሰማል፤ ቀጥሎ ዝቅተኛው ጉርምርምታ ይመጣል። በሁለተኛው ድምፅና በመክፈቻው ጠቅታ መካከል ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ጥበቱ የከፋ ነው፤ ጉርምርምታውም በረዘመ ቁጥር እንዲሁ። ጠቅታው ከፍተኛ፣ ጉርምርምታው ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነ አንድ ማዳመጫ ሁለቱንም በአንድ ቦታ ማሰማት አለበት። በወረቀት ላይ ሲታይ ጫን እና ላላ ማድረግ ብቻ የሚበቃው ይህ ዲያፍራም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

በእጄ ላይ ግን እንዲህ ሆነ። ታካሚው በግራ ጎኑ ሲተኛ የልብ ጫፍ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ድምፁ ይቀርባል፤ የሚዳመጠው ቦታ ግን አግድም መሆኑ ይቀርና ወደ ጎን ያዘነብላል። ከባዱን የብረት ራስ በዚያ ዘንባላ ላይ ሳይጫኑ መያዝ ማለት እየተንሸራተተ ያለን ዕቃ በሁለት ጣት ማንሳፈፍ ማለት ነው። ትንሽ ባላላሁት ጊዜ ጠርዙ ከቆዳው ይለያይና የክፍሉ ጫጫታ ይገባል፤ ትንሽ ባጠበቅሁት ጊዜ ዲያፍራሙ ይወጠርና ጉርምርምታው ይጠፋል። በቀጭን ሰው ላይ ደግሞ ሰፊው ገጽ በሁለት የጎድን አጥንቶች ላይ ድልድይ ሠርቶ በመካከል ያለውን ክፍተት አይነካም። በሚታወቅ የሚትራል ጥበት ላይ፣ ምን እንደምሰማ አስቀድሜ እያወቅሁ እንኳ፣ ሦስት ጊዜ ያህል ቦታና ጫና ቀያይሬ ነው ያገኘሁት። ሳላውቅ ብሆን ኖሮ ማለፌ አይቀርም ነበር፤ ማዳመጫ የሚመዘነውም ሳያውቁ በሚያዳምጡበት ጊዜ ነው።

ያቺ የጎማ ቀለበት የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠባቡን ዲያፍራም ከነጠርዙ በጥፍር አላቅቆ ቀለበቷን በቦታው መግጠም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጠባቡ ገጽ ክፍት ደወል ይሆናል። ሥራው አንድ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ለውጡ ግን ሌላ ማዳመጫ የገዛሁ ያህል ነበር። ጠባቡ ደወል በጎድን አጥንቶች መካከል ይቀመጣል፤ ቀለበቷ ቆዳውን ለስላሳ አድርጋ ስለምትይዝ አየር እንዳይገባ ብዙ መጫን አያስፈልግም፤ ጉርምርምታው ጫና ሳልቀያይር ወዲያው ይሰማል። ደግሞም እውነተኛ ደወል ዲያፍራሙ የማይሰጠው አንድ ጥቅም አለው፦ ደወሉን አጥብቀው ሲጫኑት በጠርዙ ውስጥ ያለው ቆዳ ተወጥሮ ራሱ ዲያፍራም ይሆናል። በለስላሳው ሳሳርፍ የሰማሁት ድምፅ ስጫን ከጠፋ ዝቅተኛ ድምፅ መሆኑን አወቅሁ፤ ካልጠፋ ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛውን የልብ ድምፅ ከሁለተኛው መከፈል ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም። በቆዳው ላይ የክብ ምልክት ከቀረ ያለ ዕውቀት እየተጫኑ እንደነበረ ይወቁ።

ቅሬታዬ እንግዲህ ይህ ነው። አምራቹ የመሣሪያውን ምርጥ ክፍል በትርፍ ዕቃ መልክ ከጆሮ ጫፎች ጋር በአንዲት ትንሽ ከረጢት አስገብቶታል፤ አብሮ የመጣው መመሪያም ስለ ቀለበቷ የሚናገረው በጥቂት ቃላትና በአንድ ሥዕል ብቻ ነው። እኔ ራሴ ቀለበቷን የገጠምሁት ከገዛሁት ከወራት በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት ማዳመጫ ከሚጠቀሙ የሥራ ባልደረቦቼ መካከል የጠየቅኋቸው ጥቂቶች ከረጢቷ የት እንደገባች እንኳ አያስታውሱም። አዎ፣ ቀለበቷ ስትገባ የሕፃናቱ ዲያፍራም ይቀራል፤ ሕፃናትን ብቻ የሚመረምር ሰው እንደ መጣው ቢተወው ትክክል ነው። ለአዋቂዎች ልብ ግን በፋብሪካ የተሰጠው አገጣጠም የተገላቢጦሽ ይመስለኛል።

የቀረው ክፍል በአጭሩ ሊባል ይችላል። የጆሮ ጫፎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ጆሮን በደንብ ይደፍናሉ፣ ይህም ለዝቅተኛ ድምፆች ከምንም በላይ ወሳኝ ነው፤ ትንሽ ክፍተት እንኳ ካለ ቀድሞ የሚያመልጠው ዝቅተኛው ድምፅ ነውና። ጫፎቹ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ መመልከት አለባቸው፤ ገልብጦ ማድረግ የጀማሪ ስሕተት ብቻ ነው ብዬ ነበር፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ እስካደረግሁት ድረስ። አንድ ጊዜም ማዳመጫው ተበላሸ ብዬ ግማሽ ቀን ከተበሳጨሁ በኋላ አንደኛው ጫፍ በኩክ ተደፍኖ አገኘሁት። የማዳመጫው ራስ በዘንጉ ላይ ስለሚዞር በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ገጽ ብቻ ነው፤ ከማዳመጥ በፊት በጣት ጫፍ መታ መታ አድርጎ የትኛው እንደተከፈተ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጎማው ከቀድሞዎቹ ባለ ሁለት ጎማ ማዳመጫዎች በእጅጉ ይሻላል፤ እነዚያ ጎማዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚያወጡት ድምፅ ራሱ መርመር ይመስል ነበር። የሚሸጠው በ69 እና በ56 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። አጭሩ የተሻለ ያሰማል ሲባል ሰምቼ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ ጆሮዬ ልዩነት አላገኘም፤ ወገቤ ግን አገኘ፣ ስለዚህ ረጅሙን ወሰድሁ። የቆዳ ቅባት ጎማውን እያደር ስለሚያደድረው በባዶ አንገት ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ ከኮሌታ በላይ ማድረግ ይመከራል። ለማጽዳት 70 በመቶ አልኮል በቂ ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ግን አይገባም። በፀጉራም ደረት ላይ ዲያፍራሙ የሚያወጣው መንኮሻኮሽ እዚህም አልቀረም፤ ፀጉሩን በውኃ ማርጠብ ይረዳል።

በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት ማዳመጫዎች ለምን አልተመረጡም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አንዳንዶቹ ድምፁን እስከ 40 እጥፍ እንደሚያጎሉ አምራቾቻቸው ይናገራሉ፤ የድምፁን ሞገድ በስክሪን ላይ ማሳየታቸው ለማስተማር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የመስማት ችግር ላለበት ሐኪም ደግሞ ምርጫ ሳይሆን አስፈላጊ ዕቃ ናቸው። በተውሶ ለሁለት ሳምንት በተጠቀምሁበት ላይ ግን የጎላው የልብ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ የልብሱ መፋተግ፣ የጣቴ መንቀሳቀስ፣ የሆድ ጩኸት ሁሉ አብሮ ጎላ። ባትሪ መሙላት መርሳቴንም ልጨምርበት። የልብ በር ድምፅ ጎልቶ ስላልተሰማ ሳይሆን በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው አቀማመጥና በትክክለኛው ጊዜ ስላልተፈለገ ነው በብዛት የሚያመልጠው። የትኛውንም ማዳመጫ ቢይዙ በአንድ እጅ የአንገትን ምት እየዳሰሱ የመጀመሪያውን ድምፅ ከሁለተኛው ካልለዩ መርመሩ ልብ ሲኮማተር ይሁን ሲላላ የመጣ መለየት አይቻልም።

ይህን ዓይነት ማዳመጫ የምመክረው የልብ ድምፅ ማዳመጥ ዕለታዊ ሥራው ለሆነ ሰው፣ እንዲሁም የልብ ምርመራን በቁም ነገር ለሚማር ተማሪ ነው። የደም ግፊት ለመለካትና ሳንባ ለማዳመጥ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ከዋጋውም ከክብደቱም አንጻር ይበዛበታል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ የዲያፍራሙን መሰንጠቅና የጎማውን መድረቅ ከማየት ጋር ትንሿን ከረጢት ይጠይቅ፤ እኔ ካየኋቸው ያገለገሉ ማዳመጫዎች በአብዛኞቹ ላይ የጎደለችው ያቺው ቀለበት ነበረች።